መልስ፦ ጥንቸሌን አስቀምጧታል፣ የሰው የትል ኪኒን ልስጣት?

እህቴ፣ ኪኒኑን ተይው። የ2 ወር ጥንቸል ሆዷ ተነፍቶ ካስቀመጣት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ትል ሳይሆን ኮክሲዲያ ነው። የኔዋም እንዲሁ ነበረች፤ የኋላ እግሯ ፀጉር በሰገራ ተጣብቆ ትል መስሎኝ ነበር። ኮክሲዲያ ባለ አንድ ሴል ተባይ ስለሆነ የትል መድኃኒት አይነካውም። አልቤንዳዞል የሚባለው የሰው የትል ኪኒን ደግሞ የጥንቸልን መቅኔ ሊጎዳ ይችላል።

ትኩስ ሰገራ በንጹሕ ብልቃጥ ይዘሽ የእንስሳት ሐኪም ጋ ሂጂ፤ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ኮክሲዲያ ከሆነ ቶልትራዙሪል ወይም የሰልፋ መድኃኒት ያዝልሻል። መጠኑ በክብደት ስለሆነ ቀድመሽ መዝኛት። ሰገራው ላይ እንደ ክር ያለ ቀጭን ነጭ ትል ካየሽ ግን ፌንቤንዳዞል የሚባል የትል መድኃኒት ነው የሚሰጠው። አሞክሲሲሊን በአፏ እንዳትሰጫት፣ ሊገድላት ይችላል።

ቤቷን በየቀኑ ጥረጊ። እሷን አውጥተሽ በፈላ ውሃ እጠቢው፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥበት ካለ ኮክሲዲያው በጥቂት ቀን ውስጥ መልሶ ይይዛታል። በረኪና አይገድለውም (እኔ ሁለት ጠርሙስ ከጨረስኩ በኋላ ነው የገባኝ)። ድርቆሽና ውሃ አይጥፋባት። ግማሽ ቀን ምንም ካልበላች ነገ አትበይ፣ ዛሬውኑ ውሰጃት።