ፐርፌክት የሚባል ዕቃ አለ ወይ? ከቶርኖ ቤት ለጀማሪ ልጆች

ልጆች፣ ይሄን ያስጻፈኝ ሰሞኑን አብሮኝ የሚሰራ አንድ ልጅ ነው። የወፍጮ ሻፍት (የሚዞረውን የብረት ዘንግ) ቶርኖ ላይ፣ ማለትም ብረት እያዞረ የሚቆርጠው ማሽን ላይ አስሮ ግማሽ ቀን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት እያሸ፣ በየደቂቃው ውፍረቱን በማይክሮሜትር መለኪያ እየለካ፣ አንዱ ጫፍ 40.00 ሚሊሜትር ሲለው ሌላኛው 40.01 እያለው ላብ በላብ ሆነ። ተወው በቃ ስለው "ጋሼ ፐርፌክት ካልሆነ አልፈታውም" አለኝ። ትጋቱን በጣም ነው የወደድኩት፣ ግን ያ የሚፈልገው ነገር የለም፣ ቢኖርም ደግሞ ወፍጮውን ያቆመዋል እንጂ አይጠቅመውም።

ከራሴ ልጀምር። በሱ ዕድሜ እያለሁ ልክ እንደዚህ አይነት ሻፍት ታዘዝኩ፣ የነሐስ ቡሽ ውስጥ፣ ማለትም ሻፍቱን የሚይዝ ቀለበት ውስጥ የሚዞር። ቡሹን 40 አወጣሁት፣ ሻፍቱንም 40፣ በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ እያልኩ ሳስገባው ንቅንቅ አይልም፣ ደስታዬን አልነግራችሁም። ወፍጮው ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ሻፍቱ ጋለ፣ ነሐሱ ተልጦ ብረቱ ላይ ተለጠፈ፣ ቺንጋው እየተንሸራተተ ጭስ በጭስ ሆነ። እህላቸውን ይዘው የተሰለፉ እናቶች እንደያዙት ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ያቺን ቀን እስከዛሬ አልረሳትም።

ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ለዘይት ቦታ አልተውኩለትም። በዘይት የሚዞር 40 ሚሊ ሻፍት ከ25 እስከ 50 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ናት) ከ40 ማነስ አለበት፣ ማለትም ከ39.950 እስከ 39.975 ድረስ ያለው ሁሉ ትክክል ነው። ደግሞ ብረት ሲግል ያብጣል፣ አንድ ሜትር ብረት በአንድ ዲግሪ ወደ 12 ማይክሮን ይረዝማል፣ 40 ሚሊ ሻፍት በ50 ዲግሪ ከጋለ ወደ 24 ማይክሮን ይወፍራል ማለት ነው። ስለዚህ ያ ልጅ እያሸ በእጁ ያጋለውን ሻፍት ትኩሱን ሲለካ የሚያየው ቁጥር ራሱ ሲቀዘቅዝ የሚጠፋ ቁጥር ነው! በዓለም ላይ የዕቃ ርዝመትና ውፍረት ልክ 20 ዲግሪ ላይ ነው የሚባለው ለዚህ ነው፣ ትኩስ ዕቃ አትለኩ።

ጋራዥ የምትሰሩት ደግሞ የሞተር ሲሊንደር ሆኒንግ ተደርጎ፣ ማለትም ውስጡ በድንጋይ ታሽቶ ሲመጣ ግድግዳውን በደንብ እዩት፣ በብርሃን አዘንብላችሁ። ሆን ተብሎ የተጫረ፣ እየተቆራረጠ የሚሄድ ቀጫጭን መስመር አለው። መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ አበላሹት ብዬ ነበር ያዘንኩት። ለካ ዘይት የምትቀመጠው እዛች ጭረት ውስጥ ነው፣ እንደ መስታወት ቢያበሩት ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) በደንብ አይገጥምም፣ ሞተሩም ዘይት ይበላል። ጭረቱ ነው ሞተሩን የሚያኖረው።

እሺ ለስላሳና ውድ ነገርስ? መርካቶ ላይ በርበሬ የሚመዘንባት ኪሎ እናቷ ፈረንሳይ ፓሪስ አጠገብ ሴቭር የሚባል ቦታ ነበረች፣ 90 ከመቶ ፕላቲኒየም 10 ከመቶ ኢሪዲየም፣ በ1889 እ.ኤ.አ. የዓለም ኪሎ ትሁን ተብላ በመስታወት ተከድና ተቆልፎባት የምትኖር። ሰው ሊሰራው የቻለውን ያህል ፐርፌክት ዕቃ ነበረች። ግን ከመቶ ዓመት አካባቢ በኋላ ከመንትዮቿ ጋር ሲመዝኗት ወደ 50 ማይክሮግራም ልዩነት ተገኘ፣ እሷ ትቅለል እነሱ ይክበዱ እንኳን መለየት አይቻልም፣ ምክንያቱም ኪሎ ማለት እሷው ነበረች። በመጨረሻ ግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ላይ ኪሎን ከዕቃ አላቀው በተፈጥሮ ቋሚ ቁጥር ተረጎሙት። ይሄን ሳነብ ሆዴ ባባ፣ ያን ያህል ተጠብቃም አልቀረላትም።

ግን አደራ፣ ይሄን ሰምታችሁ "ይሄዳል" እንዳትሉኝ። ሙያችንን የገደለው ፐርፌክት ፈላጊ ሳይሆን ይቺ "ይሄዳል" የምትባል ቃል ናት፣ ሳይለካ በዓይን ተገምቶ የሚወጣ ሻፍት፣ ለሰፋ ቀዳዳ ቆርቆሮ እየጠቀለሉ መግጠም ምናምን። እኔ የምላችሁ ዕቃውን ቶርኖ ላይ ከማሰራችሁ በፊት ይሄ ምን ሊሰራ ነው፣ ምን ውስጥ ነው የሚገባው፣ በዘይት ነው በደረቅ፣ ይግላል አይግልም ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዛ ምን ያህል ስህተት እንደሚፈቀድላችሁ ታውቃላችሁ፣ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ከዛች ድንበር አንዲት ማይክሮን አትውጡ። ኩሽኔታ (ቤሪንግ) የሚገባበት ሻፍት ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፣ ትንሽ ጠብቆ መግባት አለበት፣ ያው 40 ቁጥር ሌላ ልክ ይኖረዋል።

ልጁን ሻፍቱን አቀዝቅዞ እንዲለካ አደረግኩት፣ ከዛ ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ 39.96 ሲደርስ አቁም አልኩት። ቅር እያለው ፈታው። ዘይት ቀባ አድርጎ ቡሹ ውስጥ ሲያስገባው በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ሰመጠ፣ በአንድ ጣቱ ገፋ ሲያደርገው ያለ አንዳች ድምፅ ዞረ፣ ደጋግሞ ገፋው።