ያልተፈተንኩት ፈተና

ባለፈው እሁድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጠዲቅ እየቀመስን ሳለ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጠጋ አለችኝ። «ጋሼ፣ ኤፒ ካልኩለስ እየወሰድኩ ነው። ክፍል ውስጥ ኤ አለኝ። የሜዩን ፈተና ባልፈተንስ ችግር አለው?» አለችኝ። ኤፒ ሃይስኩል ውስጥ የሚወሰድ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት ነው። መጨረሻ ላይ ያለውን ፈተና በጥሩ ውጤት ያለፈ፣ ኮሌጅ ሲገባ ያንን ኮርስ እንደተማረ ሊቆጠርለት ይችላል፤ ክሬዲት የሚባለው ይኼ ነው። ለምን ብዬ ስጠይቃት ጫማዋን አየች። «ወደ 100 ዶላር ነው» አለች በመጨረሻ። «እናቴ ደግሞ ይኼን ወር...» ብላ ተወችው።

እዚያው መለስኩላት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከ40 ዓመት በፊት ያደረግኩት ነገር ተነስቶ ፊቴ ቆመ።

አባቴ ደሴ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ተማሪዎቹ ቤት ድረስ እየመጡ በከሰል ግድግዳችን ላይ ሒሳብ ይሠሩ ነበር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በየሳምንቱ ግድግዳውን ትለቀልቃለች፤ እነሱም በየሳምንቱ ያጠቁሩታል። በሱዳን አድርገን አሜሪካ ስንገባ እሷ አልነበረችም። እኔና አባቴ ብቻ ነበርን።

አርሊንግተን ውስጥ የፓርኪንግ ሥራ አገኘ። የሌሊት ፈረቃ። እራቱን በምሳ ዕቃ ይዤለት እሄዳለሁ። ቲኬት የሚቆርጥባት የመስታወት ክፍል ሁለት ሰው በግድ ነው የምትይዘው። እሱ እየበላ የካልኩለስ መጽሐፌን ያገላብጣል። እንግሊዝኛው ያስቸግረዋል፣ ቁጥሩን ግን ገና ሲያየው ያውቀዋል። በአሮጌ የፓርኪንግ ቲኬቶች ጀርባ እየሠራ ያሳየኛል። መኪና ሲመጣ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይወጣል፤ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። በአሜሪካ አባቴ እንደገና አስተማሪ ሲሆን ያየሁት እዚያች ክፍል ውስጥ ብቻ ነው።

እንደ ፈረንጆቹ 1984 ነበር፣ 12ኛ ክፍል። የኤፒ ፈተናው ክፍያ የአባቴን የሁለት ቀን ደሞዝ ያህላል። መምህርቴ «ገንዘብ የሚቸግረው ካለ ለብቻው መጥቶ ይንገረኝ» ብላ ነበር። አፍሬ ቀረሁ። አባቴንም አልጠየቅኩትም። ፎርሙን አጥፌ መጽሐፌ ውስጥ ከተትኩት፣ ቀኑም አለፈ። ጓደኞቼ ለፈተና ሲገቡ እኔ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጥኩ።

ማታ እራቱን ይዤ ስደርስ ከመስታወቱ ወጥቶ ጠበቀኝ። «እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነው» አልኩት።

ጁላይ ላይ ውጤቱን ጠየቀኝ። ከ5፣ 2 አገኘሁ አልኩት። ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «ጥፋቱ የኔ ነው። የነሱን አሠራር ሳላውቅ በራሴ መንገድ አስተማርኩህ» አለኝ። እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አልተናገርኩም። ከዚያ ቀን በኋላ በቲኬት ጀርባ አንድም ሒሳብ ሠርቶልኝ አያውቅም።

ኮሌጅ ስገባ ያንኑ ካልኩለስ ከፍዬ ተማርኩት። 4 ክሬዲት። ክፍያው የፈተናውን ብዙ እጥፍ ነበር። አባቴ ለዚያ ሲል የእሁድ ጠዋት ፈረቃ ጨመረ። አንድ ሙሉ ሴሚስተር ቅዳሴ ቀረ። እሱ ያረፈው በ1996 ነው። እስከዚያ 12 ዓመት ሙሉ ልነግረው እችል ነበር።

እንግዲህ ለልጅቷ ያልኳት ይኼ ነው። ክፍሉን መማር ብቻውን ክሬዲት አያስገኝም፤ ኤ ብታመጪም። ክሬዲቱ የሚመጣው በሜዩ ፈተና ነው። ብዙ ኮሌጆች 3 እና ከዚያ በላይ ይቀበላሉ፣ አንዳንዶቹ 4 ወይም 5 ይፈልጋሉ፣ ክሬዲት ሳይሰጡ ወደሚቀጥለው ኮርስ ብቻ የሚያሳልፉም አሉ። እያንዳንዱ ኮሌጅ የሚቀበለውን ድረ ገጹ ላይ ያወጣል፤ ቀድማችሁ እዩት። ሐኪም መሆን የምትፈልጉ ደግሞ ተጠንቀቁ። ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ባዮሎጂና ኬሚስትሪን ኮሌጅ ውስጥ ተምራችሁ ማየት ይፈልጋሉ። የኤፒ ፈተናው ምዝገባ የሚዘጋው በኖቬምበር አጋማሽ ነው፣ ትምህርት ቤታችሁ ግን ቀደም ሊል ይችላል። ገቢው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰብ፣ ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ቅናሽ አለው። ካውንስለራችሁን ጠይቁ። ስለ አጠናን ምንም አልልም፣ እሱን ከኔ በላይ ታውቃላችሁ።

በአንድ ቀን ፈተና መወሰን የሚያስፈራችሁ ካላችሁ፣ ሃይስኩል እያላችሁ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ኖቫ (የሰሜን ቨርጂንያ ኮሌጅ) ገብቶ መማርም ይቻላል። እዚያ ክሬዲቱ የሚገኘው በኮርሱ ውጤት ነው። ውጤቱ ግን መጥፎም ቢሆን ከመዝገባችሁ አይጠፋም።

የዘንድሮ ልጆች ስድስትና ሰባት ኤፒ ስትደራርቡ አያለሁ። እንቅልፍ የላችሁም። ወላጆቻችሁም ሠርግ ላይ ሳይቀር የልጆቻቸውን ኤፒ ይቆጥራሉ። ይኼ ደስ አይለኝም። የምትወዱትን ሁለት ወይም ሦስት ውሰዱ፣ ይበቃል። ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ ያንን ካልኩለስ ሁለተኛ ጊዜ ስማረው ነው በደንብ የገባኝ። 30 ዓመት ድልድይ ስሠራ የተደገፍኩት በዚያ ሴሚስተር ነው። ቢሆንም ዛሬ 12ኛ ክፍል ብሆን ያገኘሁትን ፈተና ሁሉ እፈተን ነበር።

ልጅቷ በሚቀጥለው እሁድ ፎርሙን ይዛ ትመጣለች። ከእናቷ ጋር እንድትመጣ ነግሬአታለሁ።