አዲሶቹ ዓሦች ደህና ናቸው፣ የሚሞቱት ነባሮቹ ናቸው

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ጣና ዳር አንድ የቆሮሶ ዓሣ ኩሬ አለኝ። ከሌላ አርቢ 300 የዓሣ ጫጩት ገዝቼ ከነባሮቹ ጋር ቀላቀልኳቸው። ሲመጡ ንቁዎች ነበሩ። በሦስተኛው ሳምንት ነባሮቹ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይሞቱ ጀመር፤ አዲሶቹ ግን ደህና ናቸው። በሽታውን እነሱ ይዘውት መጥተው ይሆን? የሞቱትንስ ሐይቁ ውስጥ ብጥላቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁለተኛው ልጀምር፤ እሱ ፋታ አይሰጥም። አንድም የሞተ ዓሣ ጣና ውስጥ አይጣሉ፤ የኩሬውንም ውሃ ወደ ሐይቁ አይልቀቁ። ከውሃ ርቀው ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፍሩና ኖራ ነስንሰው ይቅበሯቸው። ኩሬ ቢታመም ደርቆ ይጸዳል፤ ጣናን ማን ያደርቀዋል? እዚያ ከሚኖሩት ነጭ ዓሦች ብዙዎቹ በዓለም ሌላ ቦታ አይገኙም።

ወደ መጀመሪያው ስመለስ፣ አዎ፣ ጤነኛ የሚመስል ዓሣ ቫይረስ ተሸክሞ ሊመጣ ይችላል። ይህን በደንብ ያስተማሩን ሳልሞን የሚባለውን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ናቸው። የሳልሞን ደም ማነስ የሚባለው የቫይረስ በሽታ በኖርዌይ እርባታዎች የታየው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቺሊ ገብቶ እርባታውን አደቀቀው። ይኸው ቫይረስ የሳልሞን ዘመድ የሆነው ትራውት ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ሳያሳምመው ይቀመጣል፤ ሳልሞኑን ግን ይገድለዋል። በሳልሞኑ በራሱ ስንጥብ ውስጥ ምልክት ሳያሳይ የሚኖር የቫይረሱ ዓይነትም አለ፤ እሱ ተለውጦ ገዳይ ሊሆን ይችላል። አርቢው ዓሣውን አገላብጦ ቢያይ ምንም አያገኝም።

ቆሮሶም የራሱ አለው። በ2014 እ.ኤ.አ. በእስራኤል ተለይቶ የታወቀው የቆሮሶ ቫይረስ፣ በኋላ በቪክቶሪያ ሐይቅ በኡጋንዳና በታንዛኒያ በኩል የታመሙ በማይመስሉ ዓሦች ላይ ተገኝቷል። የእርስዎ ኩሬ ይህ ነው አልልም፤ የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ያጣሩ። ዓሦቹ ንጋት ላይ ውሃው ፊት ወጥተው አፋቸውን ከፍተው ከታዩ፣ ትላልቆቹም በአንድ ሌሊት ብዙ ሆነው ካለቁ፣ ችግሩ የአየር እጥረት ነው፤ ንጹሕ ውሃ ይጨምሩ፣ መኖም ይቀንሱ። እርስዎ እንደጻፉልኝ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚሞት ከሆነ፣ ቆዳቸው ላይ ቁስል፣ ዓይናቸው ላይ ጉም ካለ፣ ተላላፊ በሽታ ይጠርጥሩ። ለዓሣ የቫይረስ መድኃኒት የለም፤ አንቲባዮቲክ ገዝተው ገንዘብዎን አይጨርሱ።

ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሲሄዱ የሸተተ ዓሣ አይያዙ፤ አይመረመርም። ሊሞት የደከመውን በሕይወቱ፣ በራሱ ውሃ ይዘው ይሂዱ።

ወደፊት ጫጩት ሲገዙ ቢያንስ ለአንድ ወር በሌላ ኩሬ ለብቻ ያቆዩአቸው። ከነባሮቹም አምስት ስድስቱን አብረዋቸው ይጨምሩ፤ የተደበቀ በሽታ ካለ በእነሱ ላይ ይታያል። የምርመራው ውጤት እስኪታወቅ ድረስ ከዚህ ኩሬ ለማንም ጫጩት አይሽጡ፣ መረብዎንም ለጎረቤት አያውሱ።