መሬት ላይ በጠመኔ ለምትስይው እህቴ፣ ስለ ክረምቱ

ሰላም እህቴ፣ መልእክትሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። «ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ 12ኛ ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ግራውንድ ላይ ካሉት ሱቆች ፊት መሬት ላይ በጠመኔ እየሳልኩ ሰው የሚሰጠኝ ብር ለትራንስፖርትና ለካርድ ይበቃኛል» ብለሻል። ባለፈው ቅዳሜ ግን አምስት ሰዓት ሙሉ አጎንብሰሽ የሰራሽውን የአንዲት እናት ፊት ዝናቡ በአስር ደቂቃ ወደ ቦይ ይዞት ሄደ። «ልተወውና ሱፐርማርኬት ካሸር ልግባ ወይ?» ነው ጥያቄሽ። እውነት አንጀቴን በልተሽዋል።

አትተይው። ካሸርነቱን ግን ለክረምቱ ያዢው፣ ይሄ ሥራ እንደ እርሻ ወቅት አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ከመሬት ሥዕል ገቢ አገኛለሁ ብለሽ አታስቢ፣ ሐምሌና ነሐሴማ ጭራሽ። ጣሊያን ሀገር ማዶናሪ የሚባሉ መሬት ላይ የሚስሉ ሰዎች አሉ፣ ግራትሲዬ በምትባል መንደር እ.ኤ.አ ከ1973 ጀምሮ በየዓመቱ ኦገስት አጋማሽ ላይ ተሰብስበው ይስላሉ፣ ለነሱ በጋ ነው፣ ለኛ ግን ነሐሴ 9 አካባቢ ማለት ነው፣ ኮዬ ፈጬ ጭቃው ቁርጭምጭሚት በሚውጥበት ሰዓት። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ የምታያቸውን ሰዎች እጃቸውን ተማሪ እንጂ ካላንደራቸውን አትከተይ። ያንቺ ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው፣ ያኔ ካገኘሽው ላይ እቁብ ግቢና ሰብሳቢውን አነጋግረሽ ዕጣሽ ሰኔ ላይ እንዲሆን ሞክሪ።

በልግ ላይ ወይ ክረምት መግቢያ ላይ መሳልሽ ካልቀረ ደግሞ ጠዋት 2 ሰዓት ጀምሪና 6 ሰዓት ላይ ጨርሺ፣ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው ከላይ የሚወርደውን ብቻ ነው የሚፈራው፣ ሥዕል የሚበላው ግን በመሬቱ ተንሸራቶ የሚመጣው ውሃ ነው፣ ላስቲክ ብታለብሺውም ከስር ገብቶ ይወስደዋል። መጀመሪያ ቦታው ወዴት እንደሚያዘቀዝቅ እይና በላይኛው በኩል አሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልለሽ እንደ ግድብ አጋድሚ። ላስቲኩ ደግሞ ሥዕሉን እንዳይነካ፣ ከነካው ጠመኔውን ይጠርገዋል፣ በወንበር ምናምን ከፍ አድርጊና ዳር ዳሩን ድንጋይ ጫኚበት፣ እስኮች አቧራና እርጥብ መሬት ላይ አይዝም። ኮብልስቶን ላይ አትሞክሪ፣ በድንጋዮቹ መሀል ያለው እርጥበት ቶሎ አይደርቅም። ፎቶውን ደግሞ እስኪያልቅ አትጠብቂ፣ ባክሽ፣ በየሰዓቱ አንሺ። የእናትየዋ ፊት ፎቶ ቢኖርሽ ዛሬ ለሰው የምታሳዪው ሥራ ነበረሽ፣ ነገ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ልግባ ብትዪም የሚያግዝሽ እሱ ነው።

እኔ በጣም የምወደው መላ ግን ሌላ ነው። አንድ ምክር ፈልጎ የመጣ ልጅ ኮምፔንሳቶ ገዝቶ ግራጫ ቀለም ውስጥ በደንብ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ቀላቅሎ ቀባው፣ ሲደርቅ ልክ እንደ ሲሚንቶ ሻካራ ሆነና ጠመኔውን ያዘለት። ደመናው ሲጠቁር ሰሌዳውን በሁለት እጁ አንስቶ በረንዳ ስር ገባ፣ ሰዉም ተከትሎት ገባና እዚያው ቆሞ አየው። ሁለተኛው ሰሌዳ ላይ ጥግ ላይ ያለችውን ካፌ ሜኑ ጻፈላት፣ የሚጨስ ማኪያቶ ከጎኑ ሳለበት፣ ከፈሉት፣ ከዛ በኋላ ዋጋ በተቀየረ ቁጥር ይጠሩታል። ክረምት ጣሪያ ስር የሚሰራ የጠመኔ ሥራ ማለት ይሄ ነው። አንቺም ሰፈርሽ ያሉትን ካፌዎች ዙሪና ሜኑአቸው በእጅ የተጻፈበትን ቁጠሪ፣ ጽሑፉ ያላማረውን ለይተሽ ከዛ ጀምሪ፣ የመጀመሪያውን በቅናሽ ስሪላቸው፣ በነጻ ግን አይሆንም።

ነሐሴ ላይ ደግሞ የእንቁጣጣሽ አበባ ሥዕል ጀምሪ። ልጆች ወረቀት ላይ ስለው ቤት ለቤት የሚያዞሩትን አንቺ በትልቁ፣ በፓስቴል፣ ለሱቆችና ለቢሮዎች ብታዘጋጂ ጳጉሜን ላይ ፈላጊ አለው።

ካሸርነቱን ስትጠይቂ ፈረቃ እንዳለው አጣሪ፣ የከሰዓት ፈረቃ ከሰጡሽ ጠዋቱ ያንቺ ነው። የሰሌዳው ቀለም ጠመኔ አልይዝ ካለሽ አሸዋው አንሷል ማለት ነው፣ ትንሽ ጨምረሽ ድገሚውና ፎቶውን ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።