ከተከታታይ ድራማዎች ሁሉ የትኛው ይበልጣል? ለቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶች ጥያቄ የተሰጠ መልስ

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ድራማ ወዳዶች ምርጡ ተከታታይ ድራማ የትኛው እንደሆነ ስንከራከር ከርመናል። ይህን ዘርፍ ለብዙ ዘመን በትኩረት በመከታተሌ ጎረቤቶቼ ጥያቄዎቻቸውን አቅርበውልኛል፤ እኔም እንደ አመጣጣቸው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድ ብቻ ይምረጡ ቢባሉ የትኛውን ይመርጣሉ?

መልስ፦ ያለ ማመንታት «ዘ ዋየር»ን እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2008 በኤችቢኦ ጣቢያ በአምስት ምዕራፎችና በ60 ክፍሎች የቀረበ ሲሆን፣ ታሪኩ የሚፈጸመው በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ ነው። ደራሲው ዴቪድ ሳይመን በዚያችው ከተማ ጋዜጣ ላይ የወንጀል ዜና ዘጋቢ ነበር፤ የቅርብ ተባባሪው ኤድ በርንስ ደግሞ መጀመሪያ የፖሊስ መርማሪ፣ በኋላም የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ሠርቷል። የመጀመሪያው ምዕራፍ በዕፅ አዘዋዋሪዎችና በፖሊሶች ላይ ያተኩራል፤ ሁለተኛው ወደ ወደቡ፣ ሦስተኛው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ፣ አራተኛው ወደ ትምህርት ቤቱ፣ አምስተኛው ወደ ጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ይወስደናል። እኔ ድራማን የምመዝነው በአንድ መስፈርት ነው፦ በአንድ ክፍል የተፈጸመ ነገር ከዓመታት በኋላ ዋጋ ያስከፍላል ወይስ ተረስቶ ይቀራል? ፊልም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊያሳየን የማይችለውን ይህን ጉዳይ ተከታታይ ድራማ ጊዜ ስላለው ሊያሳየን ይችላል፤ «ዘ ዋየር» ደግሞ ከማንም በላይ አሳይቶታል። አንድም የኤሚ (የአሜሪካ ቴሌቪዥን) ሽልማት ሳያገኝ መቅረቱ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ «ብሬኪንግ ባድ»ን ለምን አላስቀደሙትም? እኛ ወጣቶቹ በእርሱ አንደራደርም።

መልስ፦ ልጄ፣ ከላይ ባልኩት መስፈርት ከተመዘነ ሁለተኛ የማደርገው እርሱን ነው። ቪንስ ጊሊጋን በ62 ክፍሎች፣ የሳንባ ካንሰር የያዘው አንድ የኬሚስትሪ መምህር ለቤተሰቤ ገንዘብ ላስቀምጥ ብሎ በጀመረው የዕፅ ሥራ ደረጃ በደረጃ ወደ ጨካኝነት ሲወርድ አሳይቶናል። እያንዳንዱ ውሸት ሌላ ውሸት ይጠይቀዋል፤ ተመልካቹም መቼ መጥላት መጀመር እንደነበረበት ሳያውቀው ከሰውየው ጋር ርቆ ይሄዳል። ልዩነቱ ይህ የአንድ ሰው ታሪክ ሲሆን «ዘ ዋየር» የአንድ ከተማ ታሪክ መሆኑ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» መጨረሻ ለምን ተበላሸ?

መልስ፦ ድራማው የተመሠረተባቸው መጻሕፍት ተጽፈው አላለቁም ነበር። አዘጋጆቹ የታተመውን ጨርሰው ካለፉ በኋላ በራሳቸው መንገድ ለመሄድ ተገደዱ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ምዕራፎችም ከቀደሙት ያነሱ ክፍሎች ስለነበሯቸው፣ ቀስ ብሎ መብሰል የነበረበት የገጸ ባሕርያት ለውጥ በጥድፊያ ተፈጸመ።

ጥያቄ፦ የ«ሶፕራኖስ» የመጨረሻ ክፍል በድንገት ጨለመብኝ። የተጫነልኝ ፍላሽ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። እ.ኤ.አ. በ2007 የተላለፈው ያ ክፍል የሚያበቃው ልክ እንደዚያ ነው። በጊዜው ብዙ አሜሪካውያንም የቴሌቪዥን መስመራቸው የተቋረጠ መስሏቸው ነበር።

ጥያቄ፦ ከእኛ አገር ሥራዎች ከእነዚህ ጎን የሚቆም አለ?

መልስ፦ አለ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም ማለት ተገቢ አይመስለኝም። «ሰው ለሰው» አንጋፋው ተዋናይ አበበ ባልቻ በተጫወተው በአስናቀ አማካይነት፣ ክፉነቱን እያወቅን በጉጉት የምንጠብቀው ገጸ ባሕርይ ሰጥቶናል። ከሁሉም በላይ የማስቀምጠው ግን በአርትስ ቴሌቪዥን የቀረበውን «እረኛዬ»ን ነው። አዜብ ወርቁ፣ ቅድስት ይልማና ቤዛ ኃይሉ የጻፉት ይህ ድራማ የገጠሩን ሰው ለማሳቂያ ወይም ለማሳዘኛ ሳይሆን እንደ ሙሉ ሰው አቅርቦታል፤ የሚናገሩትም አማርኛ ጣዕም ያለው፣ በዝምታም ጭምር የሚናገር ነው። በአንጻሩ ብዙዎቹ ድራማዎቻችን የሚቀረጹት እየተላለፉ በመሆኑና ህልውናቸውም በስፖንሰር ላይ በመንጠልጠሉ፣ ታሪኩ ማለቅ ሲገባው ይለጠጣል። መጨረሻውን አስቀድሞ የጻፈ ደራሲ በመሐል አይንዛዛም፤ የእኛ ባለሙያዎች በችሎታ የሚያንሱ ሆነው አላየሁም፣ የሚያጥራቸው አስቀድሞ ጽፎ ለመጨረስ የሚያስችል ገንዘብና ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ ቃና ላይ የምናያቸው የቱርክ ድራማዎች አንዳንዴ ያለ ቦታው ለምን ይቋረጣሉ?

መልስ፦ እትዬ፣ በትክክል አስተውለዋል። በቱርክ አንድ ክፍል በሳምንት አንድ ቀን ሲተላለፍ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይረዝማል፤ ለውጭ አገር ሲሸጥ ግን ብዙውን ጊዜ በአጫጭር ክፍሎች ይቆራረጣል። ስለዚህ ደራሲው ልብ እንዲሰቀል ያሰበበት ቦታና ክፍሉ የሚያበቃበት ቦታ አይገጣጠሙም።

ጥያቄ፦ በእኛ ብሎክ መብራት ስለሚጠፋ ረጅም ነገር መከታተል አልቻልኩም። አጭር ይንገሩኝ።

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን «ቼርኖቢል»ን ይዩ፤ አምስት ክፍል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በሶቪየት ኅብረት የደረሰውን የኑክሌር ማመንጫ ፍንዳታ መነሻ አድርጎ፣ ሹማምንት እውነቱን ሲደብቁ አደጋው እንዴት እንደሚከፋ ያሳያል። ለድራማ ሲባል የተለወጡ ነገሮች ስላሉበት እንደ ታሪክ መጽሐፍ አይውሰዱት።

ጥያቄ፦ «ዘ ዋየር»ን ጀምሬ በሁለተኛው ክፍል ተውኩት፤ ሰዎቹ በዙብኝ። ልመለስበት?

መልስ፦ ተመለስበት፤ ነገር ግን አራተኛውን ክፍል ሳታይ አትፍረድ፤ እስከዚያ ድረስ ስሞቹን ለመያዝ አትጨነቅ፣ ማን ማንን እንደሚታዘዝ ብቻ ተከታተል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛው ምዕራፍ ወደ ወደብ ሠራተኞች ሲዞር ታሪኩ የተቀየረ መስሎት መዝለሉ ላይ ነው። አንተ አትዝለለው፤ ዕፁ ወደ ከተማዋ በምን በኩል እንደሚገባና ሥራ ያጣ ሰው ለምን ዓይኑን እንደሚጨፍን የሚገባህ እዚያ ነው። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ደግሞ በትምህርት ቤቱ የምታገኛቸውን አራት ልጆች በደንብ ተከታተላቸው፤ እኔ ድራማውን ከሁሉ ያስቀደምኩት በእነርሱ ምክንያት ነው።