ለወጣት የታሪክ ተማሪዎች፦ ስለ ሮማውያን ድምፅ አቆጣጠር

ውድ ወጣቶች፣

በቅርቡ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ጋሼ፣ የጥንቷ ሮም መንግሥት ዴሞክራሲያዊ ነበር ወይስ አልነበረም? በአጭሩ ይንገሩኝ» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው በመምህርነት ዘመኔ ያስተማርኳትን አንዲት ልጅ አስታወሰኝ፤ የእርሷ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በዚያን ጊዜ ቆንስሎችን (የሮምን ከፍተኛ ሹማምንት) ይመርጥ ስለነበረው የሮማውያን ጉባኤ ሳስተምር ስሌቱን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ደርድሬው ነበር። ዜጎች በሀብታቸው መጠን በ193 ቡድኖች ይከፈላሉ፤ የእያንዳንዱ ቡድን አብላጫ ፍላጎት እንደ አንድ ድምፅ ይቆጠራል። በቀድሞው አደረጃጀት ፈረሰኞቹ 18፣ የመጀመሪያው የሀብት መደብ 80 ቡድኖች ስለነበሯቸው ሁለቱ ብቻ ሲደመሩ 98 ይሆናሉ፤ ለማሸነፍ ደግሞ 97 ይበቃል። ምንም ንብረት የሌላቸው ሁሉ ግን፣ ብዛታቸው የቱንም ያህል ቢሆን፣ የተመደቡት በአንድ ቡድን ነበር። ድምፅ አሰጣጡ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድና አብላጫው እንደተገኘ ስለሚቆም፣ ባለጸጎቹ ከተስማሙ ድሆቹ ተራቸው ሳይደርስ ይበተናሉ።

በማጠቃለያ ፈተናው ላይ «የሮም ሪፐብሊክ ዴሞክራሲያዊ ነበር» የሚል የእውነት ወይም ሐሰት ጥያቄ ወጣ። ልጅቱ ሁለቱንም ትታ በወረቀቱ ኅዳግ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት «ቆጠራው ድሃው ዘንድ ሳይደርስ የሚቆም ከሆነ፣ ድሃው ድምፅ አለው ይባላል?» ብላ ጻፈች። የመልስ ቁልፉ «እውነት» ይል ስለነበር አራሚው በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘባት። ወረቀቱን ይዤ ኃላፊዎቹ ዘንድ ተመላለስኩ፤ የሒሳብ መምህር የነበረው ጓደኛዬም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አብሮኝ ገብቶ ድምሩን እያሰላ አስረዳ። የተሰጠን መልስ ቁልፉ አይለወጥም የሚል ነበር። የተቀነሰባት ነጥብ ትንሽ ነው፤ የሚቆጨኝ ግን ያቺ ጠያቂ ልጅ ከዚያ ወዲህ በክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አለማየቴ ነው።

እናንተ ለምንጮች ከእኛ ይልቅ ቅርብ ናችሁ፤ እኛ አንድ መጽሐፍ ለመዋስ ወረፋ እንጠብቅ ነበር። ሆኖም ብዙዎቻችሁ ፍርዱን እንጂ ወደ ፍርዱ የሚያደርሰውን መንገድ አትወዱም። የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው፤ ስለ አንድ ሥርዓት ስታጠኑ ሕጉን ብቻ ሳይሆን ድምፁ ከዜጋው እጅ ወጥቶ እስኪቆጠር ድረስ ያለፈበትን ሁሉ ተከታተሉ።

ልጅቱ ትክክል ነበረች እላለሁ፤ ነገር ግን እኔም ብሆን ሁልጊዜ በዚህ አቋም አልጸናም። ከክርስቶስ ልደት በፊት (ቅ.ል.ክ.) በ287 የወጣው የሆርቴንሲየስ ሕግ የተራው ሕዝብ ጉባኤ ውሳኔ ዜጎችን ሁሉ እንዲገዛ አድርጓል። ሕዝቡ ጥቅሙን እንዲያስጠብቁለት የመረጣቸው፣ ትሪቡን የሚባሉ 10 ሹማምንትም የባለሥልጣናትን ውሳኔ ማገድ ይችሉ ነበር። ከሁሉ ይበልጥ የምወደው ግን የምስጢር ድምፅን ታሪክ ነው። በቅ.ል.ክ. 139 ለባለሥልጣናት ምርጫ በሰም የተቀባ ጽላት ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ፣ ዜጋው ምርጫውን በቃሉ ለመዝጋቢው ይናገር ስለነበር ጌታው ወይም አበዳሪው ሊሰማው ይችላል። ጽላቱ ከመጣ በኋላም መራጩ ወደ ድምፅ መስጫው በሚሻገርበት ጠባብ መወጣጫ ላይ ኃያላኑ እየቆሙ ይመለከቱት ነበርና፣ ትሪቡኑ ጋይዮስ ማርዮስ በ119 መወጣጫው ይበልጥ እንዲጠብ የሚያዝ ሕግ አወጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በተቀረጸ አንድ የብር ዲናር ላይ አንዱ መራጭ ጽላቱን ሲቀበል፣ ሌላው ወደ ኮሮጆው ሲጥል ይታያል። ለድምፅ ምስጢርነት ይህን ያህል የተጨነቀ ሕዝብ ድምፁ ዋጋ እንዳለው ያምን ነበር ብዬ አስባለሁ።

ይሁን እንጂ በ133 ትሪቡኑ ቲቤሪየስ ግራኩስ የመንግሥትን መሬት ለድሆች የሚያከፋፍል ሕግ ስላጸደቀና ዳግመኛ ለመመረጥ ስለተነሣ፣ ሴናተሮችና ተከታዮቻቸው ደብድበው ገደሉት፤ የትሪቡን አካል ግን በሕግ የማይደፈር ነበር።

ሴቶችና ባሪያዎች ድምፅ እንዳልነበራቸው ታውቃላችሁ። ከዚያ አልፋችሁ ልትመረምሩት የሚገባው፣ መብቱ ካላቸው ወንዶች መካከል በድምፅ መስጫው ዕለት መገኘት የሚችለው ማን እንደነበር ነው። ጣሊያናውያን ከ91 ጀምሮ ተዋግተው ዜግነት ካገኙ በኋላ፣ በ70 በተደረገው ቆጠራ የተመዘገቡት ዜጎች 900,000 ያህል ደርሰዋል። ሆኖም ድምፅ የሚሰጠው ሮም ድረስ በአካል በመገኘት ብቻ ነበር። በነገድ፣ ማለትም በዘር ሳይሆን በአካባቢ በተከፋፈለ የዜጎች ምድብ፣ በሚሰበሰበውና እያንዳንዱ ነገድ አንድ ድምፅ ባለው ጉባኤ ከ35ቱ ነገዶች የከተማዎቹ 4 ብቻ ስለነበሩ፣ በእነዚያ የተመዘገበው የከተማ ሕዝብ በብዛት ቢወጣም ከ4 ድምፅ አያልፍም፤ በቀሩት 31 ነገዶች ደግሞ ከሩቅ አገር ለመምጣት ገንዘቡና ጊዜው ያለው ባለርስት እርሻውን ጥሎ መሄድ ከማይችለው ገበሬ ይልቅ ውጤቱን የመወሰን ዕድል ነበረው።