ጅማ ውስጥ ክረምት በገባ ቁጥር አረንጓዴ የሚሆን የመዋኛ ገንዳ

እህታችን የጠየቁት፣ ዝናብ በበረታ ቁጥር የግቢያቸው መዋኛ ገንዳ አረንጓዴ እየሆነ ስላስቸገራቸው ውሃውን በሙሉ አፍስሰው እንደ አዲስ ቢሞሉት ይሻል እንደሆነ ነው። ትንንሽ ልጆች እንዳሏቸውም ጽፈዋል። እዚሁ ጅማ የሆቴልና የመኖሪያ ቤት ገንዳዎችን ስንከባከብ ዓመታት አልፈዋል። እባክዎን አያፍስሱት፤ በክረምት ደግሞ ጭራሽ አይሞክሩት።

ምክንያቱም ገንዳውን መሬት ውስጥ አጽንቶ የሚይዘው በውስጡ ያለው የውሃ ክብደት ነው። ክረምት ላይ መሬቱ ውሃ ጠግቧል፤ ቤትዎ እንደ ቦዬ ላለ ረግረግ የቀረበ ከሆነ ትንሽ ሲቆፈር ውሃ ይፈልቃል። ባዶውን የቀረ ገንዳ ከሥሩ ያለው ውሃ እንደ ጀልባ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ወለሉ ይሰነጠቃል፣ ቱቦዎቹም ይበጠሳሉ። የግድ መጽዳት ካለበት በጋ ይጠብቁ።

ደግሞስ አዲስ ውሃ ምን ያደርግልዎታል? ገንዳውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ የሚራባው ዝናቡ ክሎሪኑን ስለሚያሳሳው፣ ጎርፉም ቀይ አፈር፣ ቅጠልና የጓሮ ፍግ እየጠረገ ስለሚያስገባለት ነው። ስለዚህ ከኬሚካል በፊት አካፋ ያንሱ፤ የጓሮው ጎርፍ ወደ ገንዳው እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ ያውጡለት። ይህን ሥራ ሁሉም ይንቀዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም አስቀድመዋለሁ።

ቀጥሎ ውሃውን ይመርምሩ። ፒኤች፣ ማለትም የውሃው የአሲድነት መለኪያ፣ ከ7.2 እስከ 7.6 ቢሆን ጥሩ ነው። 8 ከደረሰ አብዛኛው ክሎሪን ጀርም የመግደል ኃይሉን ስለሚያጣ፣ ሰው በላይ በላዩ እየጨመረ «ክሎሪኑ አስመስሎ የተሠራ ነው» ብሎ ባለ ሱቁን ያማል። አልካሊኒቲው፣ ማለትም ውሃው የፒኤች ለውጥን የሚቋቋምበት አቅም፣ በሊትር ከ80 ሚሊግራም በታች ከወረደ ፒኤቹ አንድ ቦታ አይረጋም። ለዚህ የዳቦ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል፤ ለ1 ሜትር ኩብ ውሃ 17 ግራም ገደማ ሲጨመር በ10 ሚሊግራም ከፍ ይላል።

ከዚያ በኋላ ከባዱን ክሎሪን ይስጡት። ገንዳዎ 8 ሜትር በ4 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱም 1.5 ሜትር ነው እንበል፤ 48 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። በሊትር 10 ሚሊግራም ክሎሪን እንዲኖረው 65 በመቶ ከሆነው የክሎሪን ዱቄት (ካልሲየም ሃይፖክሎራይት) 740 ግራም ገደማ ያስፈልጋል። ፀሐይ ክሎሪንን ስለምታጠፋ ማምሻውን ይጨምሩ፤ ግድግዳውን በብሩሽ ይፈግፍጉ፤ ፓምፑም ሌሊቱን ይሥራ። መብራት ከጠፋ ቢያንስ ውሃውን በረጅም ብሩሽ ያማስሉት። ጠዋት ውሃው ግራጫ ሆኖ ቢደፈርስ አይደንግጡ፣ አልጌው ሞቷል ማለት ነው። የአሸዋ ማጣሪያው የግፊት መለኪያ ከንጹሕ ጊዜው በግማሽ ባር ያህል ሲጨምር ውሃውን ወደ ኋላ መልሰው ይጠቡት። የዚያን እጣቢ ግን ወደ አዌቱ ወንዝ በሚወርድ ቦይ አይልቀቁት። ውሃው ጠርቶ ክሎሪኑ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም እስኪወርድ ድረስ ማንም አይዋኝ።

ዱቄቱን ሲበጠብጡ መጀመሪያ ባልዲው ውስጥ ውሃ ይኑር፤ ዱቄቱ በኋላ ነው የሚገባው። ከአሲድ ጋር ከተገናኘ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ለገንዳ የሚሸጡ የክሎሪን እንክብሎች ካሉዎትም ከዱቄቱ ጋር በአንድ ማንኪያ አይጨልፏቸው፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ እሳት ሊነሳ ይችላል። ሁሉንም ደረቅ ቦታ ለየብቻ ቆልፈው ያስቀምጡ።

ስለ ልጆቹ፦ ደፍርሶ አረንጓዴ የሆነ ውሃ ትልቁ አደጋው ሥር የሰመጠ ልጅ አለማሳየቱ ነው። የሚሰጥም ልጅ ብዙውን ጊዜ አይጮኽም፣ ውሃም አያንቦራጭቅም። ስለዚህ ጠርዝ ላይ ቆመው የወለሉ መውረጃ ክዳን ካልታየዎት ማንም አይግባ። ያ ክዳን ራሱ የተሰበረ ወይም የላላ ከሆነ ፓምፑ የልጅ ፀጉር ወይም እጅ ስቦ ሊይዝ ይችላል፤ ዛሬውኑ ይቀየር። በአራቱም ወገን ቢያንስ 1.2 ሜትር የሚሆን፣ ልጅ የማይወጣበት አጥር ያሳጥሩ፤ በሩ ራሱ የሚዘጋ ይሁን። ከዋና በኋላ ኳስና መጫወቻ ውሃው ላይ አይተዉ፤ ልጅን የሚጠራው እሱ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ስልኩን አስቀምጦ ይጠብቃቸው፤ «ሁላችንም እያየናቸው ነው» ማለት ማንም አላያቸውም ማለት ነው።

ገንዳውን በሸራ የሚሸፍኑ ከሆነ ደግሞ ሸራው ላይ የተጠራቀመውን ዝናብ በየጊዜው ይድፉት። ወባ ባለበት አካባቢ የቆመ ውሃ ትንኝ ይፈለፍላል፤ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ማውጣት ሁለት ሳምንት እንኳ አይፈጅባትም።

የገንዳዎን ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት፣ የክሎሪኑ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውንም መቶኛ ይጻፉልን፤ መጠኑን እዚሁ አብረን እናሰላለን።